ዓሣው ሲመሽ ነው የሚነክሰው

ያለፈውን ሳምንት ያነበባችሁ፣ ጸዮን ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስትዘጋው ነው የተለያየነው። ያላነበባችሁም ብዙ አልቀረባችሁም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል።

አስማማው እባላለሁ። ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርትን አላየሁትም፣ እሱም አልፈለገኝም። ቶሮንቶ መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ፣ እንደ ቁም ሣጥን በጠበበች የመስታወት ቤት ተቀምጬ ለመኪና ትኬት እቆርጣለሁ። ጸዮን ነርሲንግ ጨርሳለች። አባቷ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ አገር ቤት የወረዳ ዳኛ ነበሩ፤ እዚህም ዳኝነቱ አልለቀቃቸውም፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ ወላጅ ለሌለው ጎረምሳ ሁሉ አባት ሆነው ሚስት የሚለምኑ ሽማግሌ ናቸው። ሁላችንም ቶርንክሊፍ ፓርክ አንድ ሕንፃ ውስጥ ነን። እነሱ ዘጠነኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጎን። በመካከላችን ያለው ፎቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኤሌቬተር ነበረ።

የእኔ ችግር አፌ ነው። ስናገር እውነትና ውሸት እንደ በርበሬና ጨው ይቀላቀልብኛል። ኖርዝ ዮርክ እኖር በነበረበት ጊዜ በረዶው ሰባተኛ ፎቅ ደርሶ፣ በመስኮት ወጥቼ የመንገድ መብራቶቹን አናት አናት እየረገጥኩ ሥራ ገብቻለሁ ብዬ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ተናግሬያለሁ። ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ አማተበ። ጸዮን ከሳቂዎቹ ወገን ነበረች፤ የተዋወቅነውም በዚያው ሳቅ ነው። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ በስልክ፣ በደረጃ ላይ፣ በአውቶቡስ ፌርማታ ተዋደድን፤ ማንም አላወቀብንም።

ታዲያ አንድ ቀን ኮል አደረገችና ሽማግሌ መቼ እንደምልክ ጠየቀችኝ። ካልጋሪ የሚባል ሩቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ሥራ ኦፈር አድርጎላት ኖሯል። የሚጠይቀኝ ሰው ካለ እቀራለሁ፣ ከሌለ እሄዳለሁ ማለቷ ነው። ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። እኔ ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው? አምስት ሽማግሌ፣ ሁለት በቅሎና አንድ የዝዋይ ጉማሬ እልካለሁ፣ ጉማሬው ኤሌቬተር ውስጥ ስለማይገባ በደረጃ ይወጣል አልኳት። እያለቀሰች መሆኑን የተረዳሁት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

በማግስቱ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣሁ። ኢስት ዮርክ የሚኖሩ አቶ ጥሩነህ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ሄጄ ጉዳዬን በትሕትና ነገርኳቸው። ሳቁ። እንባቸውን በመሐረብ ጠርገው፣ እንዲህ ያለ ቀልድ ሰርግ ላይ እንጂ እቤት አይባክንም አሉኝ። ሌሎቹም እንደዚያው። ሽማግሌ የሚያሲዘው ስሙን ነው፤ ለእኔ ስሙን የሚያሲዝ ጠፋ። የማንንም ልመና እምቢ የማይሉት አንድ ሰው ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ናቸው፤ የሚለመነው በር ደግሞ የእሳቸው ነው። ከአቶ ጥሩነህ ቤት ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ስቀመጥ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በገዛ ቀልዴ ውስጥ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።

* * *

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ አንድ ሱስ አለባቸው፤ ዓሣ ማጥመድ። ያደጉት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። እዚያ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ፀሐይ ውሃውን ስታሞቀው ወደ ዳር ይወጣል፤ ልጅ ሆነው በቀትር እየጎተቱ ያወጡት ነበር። እዚህም በዚያው ሕግ ቀጠሉ። ዓሣ እንደ ሰው ምሳውን በምሳ ሰዓት ይበላል ባይ ናቸው። በየቅዳሜው በአሮጌዋ ቡዊክ መኪናዬ ስኩጎግ የሚባል ሐይቅ እወስዳቸዋለሁ፤ ፀሐይ አናታችንን እየጠበሰችን እስከ ከሰዓት እንቀመጣለን፤ ከዚያ ባዶ ባልዲ ይዘን እንመለሳለን።

የሚፈልጉት ዎልአይ የሚባለውን ዓሣ ነው። ዓይኑ እንደ ድመት የሚያበራ፣ ሥጋው ነጭ፣ አጥንቱ ጥቂት። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ፣ አንድም አልያዙም። ፍልሰታ ሲገባ መንጠቋቸውን ሰቀሉ፣ ፍልሰታ ሲፈታ አወረዱት፣ አሁንም የለም። ስንመለስ ዳንፎርዝ ላይ ካለ ዓሣ ቤት ገዝተው ይገባሉ። ባለቤታቸው እትዬ ተናኜ ዓሣው ተጠርጎ፣ ታጥቦ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ መምጣቱን አይተው፣ የዚህ አገር ሐይቅ እንዴት ያለ ንጹሕ ነው ይሏቸዋል። ሌላ አይጨምሩም።

እኔ በየቅዳሜው የምሄደው ለዓሣው አይደለም። መንገድ ላይ ጸዮንን እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ነው። ከቤት ስንወጣ አፌን ለእውነት አሰናዳለሁ፤ ሀይዌይ ላይ ስንደርስ የሚወጣው ግን መርከብ የጎተተ ዓሣ ነው፣ ወይም እንቅልፍ የወሰደው ነብር ላይ ተቀምጦ ምሳ የበላ አጎቴ ነው። ጋሼ ይስቃሉ። እኔ ግን ሌላ ቅዳሜ አመለጠኝ እያልኩ እነዳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ለመንጠቆው ትል ልገዛ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ አሮጊት ፈረንጅ ናቸው፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው። መቼ እንደምናጠምድ ጠይቀውኝ በቀትር ብላቸው አዘኑልን። የዎልአይ ዓይን ብርሃን አይወድም፣ ቀን ቀን ጥልቁ ውስጥ ይተኛል፤ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ውሃው ላይ ትንሽ ንፋስ ሲኖር ወደ ዳር ወጥቶ ይበላል፣ ጎሕ ሲቀድም እንዲሁ ነው አሉኝ። ሮጬ ሄጄ መኪና ውስጥ ለተቀመጡት ለጋሼ ቃል በቃል ነገርኳቸው። አንድ ቃል አልጨመርኩም። እሳቸው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ለዓሣው መነጽር አለማድረግህ ተመስገን ነው አሉኝ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ በመጨረሻዋ ቅዳሜ፣ ጸዮን አብራን መጣች። አባቴ በየሳምንቱ ምን እንደሚሠራ ልይ ብላ ነው። ለካልጋሪ መልስ የምትሰጠው ሰኞ ነበር። ከኋላ ተቀምጣ በመስኮት ታያለች፤ እኔ በመስታወቱ እሷን አያለሁ። አንዴ ብቻ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር እችለው ነበር። ያየሁት ግን ድካም ነው፤ ሲጠብቅ የቆየ ሰው ድካም። መንገዱን ሙሉ አንድም ተረት አልመጣልኝም።

* * *

ያን ቀንም ፀሐይ ጠበሰችን፣ ዓሣም አልመጣ። ከሰዓት በኋላ ዕቃችንን ጠቅልለን መኪና ውስጥ ገባን። ቁልፉን ባዞር ቡዊኬ እንደ ሽማግሌ አንዴ ሳል ብላ ዝም አለች። ሬዲዮኑን ከፍቼ ትቼው ባተሪው ሞቷል።

ጋሼ ፈገግ ብለው፣ በል አሁን አስነሳት አሉኝ። የእውነት ነው ብዬ ማልኩ። አስማማው ሲምል ማን ያምናል? ጸዮን ከኋላ አንድ ቃል ሳትናገር በሩን ከፍታ ወረደች፤ የዚያች በር መዘጋት ከነገር ሁሉ ይበልጥ ተሰማኝ። ሞተሩን ከፍቼ፣ ላቤን አፍስሼ፣ እጄን አጥቁሬ ካሳየኋቸው በኋላ ነው ጋሼም ያመኑት። አካባቢው ላይ የቀረ መኪና አንድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ በጀልባ መሀል ሐይቅ ላይ ነው። ባተሪ ከባተሪ የሚያገናኘው ጃምፐር ኬብል ቢኖረው እንኳ ሲመሽ ካልሆነ አይመለስም። መጠበቅ ሆነ።

ጋሼ ሥራ መፍታት አይወዱም። ውሃው ላይ ወደተሠራው የእንጨት መድረክ ተመልሰው መንጠቋቸውን ወረወሩ። ጸዮን አጠገባቸው እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ፀሐይዋ ዝቅ እያለች ሄደች። ቀኑን ሙሉ እንደ ሳህን ተዘርግቶ የዋለው ውሃ ቀስ ብሎ መሸብሸብ ጀመረ፣ ቀዝቀዝ ያለ ንፋስ መጣ፣ ማዶ ያሉት ዛፎች ጠቆሩ። የባለሱቋ ነገር ትዝ ብሎኛል፤ ግን ማን ያምነኛል ብዬ ተውኩት።

የጋሼ የመንጠቆ ዘንግ ጎበጠ።

መጀመሪያ ድንጋይ የያዛቸው መስሏቸው ተበሳጩ። ድንጋዩ ወደ ግራ ሲሄድ ግን ተነሱ። የስድሳ ዓመቱ ዳኛ ጫማቸው በውሃ መበስበሱን አላወቁም፤ እየሳቡ፣ እየለቀቁ፣ የዝዋይ ልጅ ሆነው ከንፈራቸውን ነክሰው ታገሉ። ሲወጣ ክንድ ያህላል። ጀርባው ወርቅማ፣ ዓይኑ በምሽቱ ብርሃን ውስጥ እንደ ከሰል ፍም ያበራል። በሁለት እጃቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ተመስገን" አሉ። ቀጥለውም ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው፣ "አባቴ ይህን ቢያይ" አሉ።

እኔም አፌ ተከፈተ። ይሄ ልጁ ነው፣ አባትየው እኮ ባለፈው ዓመት ጀልባ ከነባለቤቱ ዋጠ ልል ነው። ጸዮን ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

"አስሜ፣ ዛሬን ተው።"

ከተኳረፍን ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ተውኩ። ተረቱ ሲወጣ ቦታው ባዶ ቀረ፤ ባዶው ውስጥ ያገኘሁት ያ ክረምቱን ሙሉ ያመቅኩት ነገር ብቻ ነበር።

"ጋሼ" አልኩ፣ "ሽማግሌ እንዲሆኑልኝ ልለምንዎት ነው።"

"ደግ ነው" አሉ ዓይናቸውን ከዓሣው ሳይነቅሉ። "ወላጅ እዚህ የለህም። እንዲህ ያለውን እምቢ ብዬ አላውቅም። ለማን ልጅ ነው?"

"ለእርስዎ።"

ውሃው የመድረኩን እግር ሲመታ ይሰማል። እንደ አቶ ጥሩነህ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቁም። ዓሣውን በዝግታ ባልዲው ውስጥ አኖሩ፣ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ፣ ኮፍያቸውን አስተካከሉና ቀጥ ብለው ቆሙ። ዳኛው መጡ።

"ሽማግሌ የማያውቀውን ደጅ አይረግጥም" አሉ። "የልጅቷ አባት ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ጸዮንን አየኋት፤ አጎንብሳለች። "ሰው አክባሪ ናቸው" አልኩ። "ለማያውቁት ልጅ አባት ይሆናሉ። ትንሽ የሚያስቸግሩት በቀትር ዓሣ ሲያጠምዱ ነው።"

ጢማቸው ሥር አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ወዲያው ሰበሰቡት። "እናትየዋስ?"

"እሳቸው ከአባትየው ይከብዳሉ።"

"ይህስ እውነት ነው። ልጅቷ ፈቅዳለች?"

ልመልስ ስል ጸዮን ቀደመችኝ። "እኔን የጠየቀኝ የለም" አለች። "ጉማሬ እንደሚመጣ ነው የተነገረኝ።"

ጋሼ ተራ በተራ አዩን። ስለ ጉማሬው አልጠየቁም። ዘንጋቸውን አንስተው፣ ዓሣ ላይ ያለ ሰው ነገር አይሰማም አሉና ጀርባቸውን ሰጥተውን መንጠቆውን ወረወሩ። እንደዚያ ያለ ጀርባ እግዜር ለሰው ሁሉ ይስጥ። ዛሬም ሳስበው አመሰግናለሁ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ጸዮን፣ ውሸት የምናገረው እውነቱ ስለሚያንስብኝ ነው" አልኳት። "እውነቱ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ያለ አንድ ክፍል ነው። እውነቱ ስምንተኛ ክፍል ነው። አንቺ በደረጃው ስትወርጂ ጫማሽን ከሰው ሁሉ ጫማ ለይቼ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ፌስታል ይዤ የምወጣው ቆሻሻ ልጥል አይደለም፤ ፌስታሉ ባዶ ነው። ካልጋሪ ብትሄጂም መውጣቴን የምተው አይመስለኝም። ከዚህ ሌላ የማውቀው እውነት የለኝም። አግቢኝ።"

ከዚያ ጠቆር ካለው ውሃ ላይ ዓይኗን አንስታ አየችኝ።

"ባዶ መሆኑን አውቃለሁ" አለች። "ንፋስ ያውለበልበዋል እኮ። እኔስ ኤሌቬተር እያለ ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ የምወርደው ለምን መሰለህ?"

ደረቴ ውስጥ አንድ የተቆለፈ ነገር ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ምንም አልሰማሁም" አሉ። "ነገ ከቅዳሴ መልስ ግን የልጅቷ አባት ደጅ እንሄዳለን።"

* * *

ያን ማታ ባለጀልባው ተመልሶ ቡዊኬን አስነሳልንና ገባን። ሽማግሌ ሲላክ ሙሽራው አይታይም። ስለዚህ የቀረውን ያየሁት በዓይኔ አይደለም፤ ጸዮን ከጓዳ ሆና አይታ የነገረችኝ ነው። እሷ ደግሞ አትዋሽም።

ጋሼ እሁድ ከቅዳሴ ሲወጡ ከረባታቸውን አጠበቁና አቶ ጥሩነህን ይዘው መጡ። አቶ ጥሩነህ መጀመሪያ ሊስቁ ነበር፤ የጋሼን ፊት ሲያዩ ሳቁን ዋጡት። ዘጠነኛ ፎቅ ወጡ። ጋሼ ቁልፋቸው ኪሳቸው ውስጥ እያለ የገዛ ቤታቸውን በር አንኳኩ። እትዬ ተናኜ ከፈቱና ቁልፍ ጠፍቶህ ነው ወይ አሏቸው።

"እንደምን ዋላችሁ" አሉ ጋሼ። "የእግዚአብሔር እንግዶች ነን።"

እትዬ ተናኜ ከረባቱን አዩ። አቶ ጥሩነህን አዩ። ወደ ጓዳው ዞር ብለው የልጃቸውን ጥላ አዩ። ገባቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ገብታችሁ ተቀመጡ አሏቸው። ጋሼ እንደ ደንቡ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። እንግዲያው ቁሙ አሉና እሳቸው ተቀመጡ፤ ያውም የጋሼ ወንበር ላይ። ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻቸውን የዋሉ ሴት ናቸውና አልቸኮሉም። ልጁ ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደሆነ፣ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቁ። አቶ ጥሩነህ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግራቸው ይቆማሉ።

"አስማማው" አሉ በመጨረሻ እትዬ ተናኜ። "ያ ውሸታሙ?"

"አዎ፣ ውሸታሙ" አሉ ጋሼ። "ሽማግሌ ነኝና አልደብቅም። ክረምቱን ሙሉ አብሬው ውያለሁ፤ በውሸቱ ሰው ሲያስቅ እንጂ ሰው ሲጎዳ አላየሁትም። ትናንት ደግሞ እውነት ሲናገር ሰምቼዋለሁ። ለእሱ እውነት መናገር ለሌላው ሰው ጥርስ እንደ መንቀል ነው። ያን ያህል የሚከብደውን ነገር ለልጄ፣" አሉና ቆሙ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው አረሙት። "ያን ያህል የሚከብደውን ነገር ለልጅቷ ብሎ ያደረገ ሰው አያሳፍረኝም። ስሜን አስይዣለሁ።"

ጸዮን ጓዳ ውስጥ አፏን በእጇ ይዛ ነበር፤ ምን እንደያዘች አላውቅም፣ ሳቁን ይሁን ልቅሶውን እሷም አትለየውም።

እትዬ ተናኜ በዝግታ ተነሱ። እሳቸው በበኩላቸው እንዳልጠሉ፣ ግን አባቷ ሳይሰማ ቃል መስጠት ነውር እንደሆነ ለእንግዶቹ ነገሯቸው።

"አባቷ እኮ" ብለው ጀመሩ አቶ ጥሩነህ።

"አባቷ እቤት የለም" አሉ እትዬ ተናኜ። "ሲገባ እጠይቀዋለሁ። እናንተ ለሌላ እሁድ ተመለሱ።"

እንግዶቹ እጅ ነስተው ወጡ፤ በሩ ተዘጋ። አቶ ጥሩነህ ወደ ኤሌቬተሩ ሄዱ። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆሙ፣ ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ፣ ቁልፋቸውን አውጥተው ከፈቱና ገቡ።

"ተናኜ" አሉ ኮታቸውን እያወለቁ፣ "ሰው መጥቶ ነበር እንዴ?"

"መጥቶ ነበር። ጸዮንን ለመጠየቅ።" እትዬ ተናኜ ከወንበሩ ገለል አሉላቸው። "ምን ትላለህ?"

ጋሼ ተቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ደግሞ አወለቁት።

"ደስ ብሎኛል በያቸው" አሉ።

ጸዮን ይህን ሁሉ የነገረችኝ ደረጃው ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጣ ነው። ስትጨርስ ምን ልጨምርበት እንደሆነ ለማየት ፊቴን ታየኝ ጀመር። ፈለግኩ፣ ምንም አጣሁ። እንደዚህ ሙሉ ሆኖ የተሰጠኝ ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም። እጇን በሁለት እጄ ይዤ ተመስገን አልኩ፤ ደግሜም ተመስገን አልኩ፤ ሌላ ቃል እስኪመጣልኝ ድረስ በእሱ ቆየሁ።